ዛፍ የሚለካው ሰው የት ይማር?

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጃቸውን ወይም በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣ ዘመዳቸውን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲያስመዘግቡ የሚመርጧቸው ሙያዎች የታወቁ ናቸው፤ ነርሲንግ፣ አካውንቲንግ፣ ኮምፒዩተር። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራው ከተማ ውስጥ ይገኛል፣ ደመወዙ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ቀድሞ ያለፈበት ሰው መንገዱን ያሳያል። በአንዳንዶቹ ኮሌጆች የትምህርት መዘርዝር ውስጥ ግን የእኛ ሰው እምብዛም የማይገልጠው ክፍል አለ፤ የደን ቴክኖሎጂ የሚባለው የሁለት ዓመት ትምህርት። ይህ ዳሰሳ የሚያነሳው ያ ክፍል መገለጥ አለበት ወይ የሚለውን ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሚበልጠው ጥያቄ፣ ከሰው ዕድሜ በላይ የሚኖረውን ደን በሁለት ዓመት የተማረ ሰው ምን ሊያደርግለት ይችላል የሚለው ነው። ብዙ ሰው፣ የሙያው ባለቤቶች ሳይቀሩ፣ ሁለት ዓመቱን የአራት ዓመቱ ግማሽ፣ ባለ ዲፕሎማውንም ጀምሮ ያልጨረሰ አድርጎ ያያል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሁለት ዓመቱ ትምህርት የራሱ ሥራ አለው፤ እሱም ደንን በእግር ሄዶ መለካት፣ መቁጠርና መለየት ነው። የቀረው የደን ሙያ በሙሉ የቆመው በዚህ ልኬት ላይ ነው። ትምህርቱ ከሽፎ ሲገኝም ምክንያቱ ማጠሩ ሳይሆን ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምርበት ደን የለውም፣ ወይ ተመራቂው ከፍ የሚልበት በር ተዘግቶበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንደኛው ዓመት ተማሪው ዛፎችን በቅጠል፣ በቅርፊትና በእምቡጥ ለይቶ ከነላቲን ስማቸው ያጠናል፤ ብርዱ ገብቶ ቅጠሉ ሲረግፍ ፈተናው በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ይሆናል። ከዚያ ልኬት ይመጣል። የቆመ ዛፍ ውፍረት የሚለካው በደረት ቁመት ነው፤ በአሜሪካ ከመሬት 4.5 ጫማ ላይ፣ በሜትር በሚሠራው ዓለም ደግሞ 1.3 ሜትር ላይ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ለካዩ የሚቆመው ከላይ በኩል ነው። ግንዱ ከደረት ቁመት በታች ለሁለት ከተከፈለ እንደ ሁለት ዛፍ ይቆጠራል። ደንቦቹ ኢምንት ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዘንድሮ አንዱ ከላይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላው ከታች ቆሞ ቢለካ፣ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ልዩነት ዛፉ አድጎ ይሁን ለካዩ ተለውጦ የሚያውቅ አይኖርም። ቁመት በክሊኖሜትር፣ ዕድሜ ከግንዱ ውስጥ ቀጭን ናሙና በሚያወጣ መሰርሰሪያ ይታወቃል። ርቀትን በራስ እርምጃ ቆጥሮ ማወቅም ጂፒኤስ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ በገባበት በዚህ ዘመን ገና ይሰጣል፣ መሰጠቱም ተገቢ ነው፤ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ሳተላይቱ ይስታል። የናሙና አወሳሰድ፣ ካርታና ጂአይኤስ፣ የቼንሶ አያያዝ፣ አፈር፣ ተባይ፣ ደንን መቼና ምን ያህል ማሳሳት እንደሚገባ፣ የመንገድና የእንጨት አወጣጥ፣ ሁሉም ከዚህ ላይ ይደረባል። በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የሰደድ እሳት መከላከል ሥልጠናም ከትምህርቱ ጋር ይያያዛል፤ እሳት ግንባር ለመሰለፍ የሚፈልግ 45 ፓውንድ ተሸክሞ 3 ማይል በ45 ደቂቃ መሄድ ይጠበቅበታል።

የዚህን ሥራ ክብደት ለማየት የአሜሪካን ብሔራዊ የደን ቆጠራ መመልከት ይበቃል። ቆጠራው መሠረቱን ያገኘው በ1928 ከወጣ የደን ምርምር ሕግ ሲሆን፣ በ1998 የግብርና ሕግ በየዓመቱ እንዲካሄድ ተደርጓል። በግምት በየ6,000 ኤከሩ፣ ማለትም በየ2,400 ሄክታሩ፣ አንድ ቋሚ የናሙና ቦታ አለ። ቡድን ይሄዳል፣ እያንዳንዱን ዛፍ ይለካል፣ ይመዘግባል። በምሥራቁ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት፣ በምዕራቡ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ዛፍ ይለካል። ከተለኩት ቦታዎች የተወሰኑት ስህተት ለመያዝ በሌላ ቡድን እንደገና ይለካሉ። አገሪቱ ስንት ደን እንዳላት፣ በየዓመቱ ምን ያህሉ እንደሚያድግ፣ ምን ያህሉ በተባይና በእሳት እንደሚሞት፣ ደኖቿ ምን ያህል ካርቦን እንደሚይዙ ሲነገር ቁጥሩ መነሻው እዚህ ነው። በቡድኖቹ ውስጥ ባለ ዲግሪም ባለ ዲፕሎማም አሉ፤ የሚሠሩት ግን የሁለት ዓመቱን ትምህርት እምብርት ነው። ዋሽንግተን ላይ ተቀምጦ የሃምሳ ዓመት ትንበያ የሚያወጣው ተመራማሪ አንድ ሰው ዝናብ እየመታው ከላይ በኩል ቆሞ እንደለካ ማመን አለበት፤ ሌላ ምርጫ የለውም።

ይህን ሥራ ዝቅ አድርጎ ማየት ከሙያው እኩል ያረጀ ነው። በ1898 በሰሜን ካሮላይና፣ በባለጸጋው ቫንደርቢልት ርስት ላይ፣ ካርል ሼንክ የተባለ ጀርመናዊ የደን ባለሙያ የቢልትሞር የደን ትምህርት ቤትን ከፈተ። ትምህርቱ አንድ ዓመት ነበር፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ በፈረስ ጫካ። በዚያው ዓመት ኮርኔል የአራት ዓመት የደን ኮሌጅ፣ በ1900 ደግሞ ዬል በፒንሾ ቤተሰብ ገንዘብ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በወቅቱ የመንግሥትን የደን ሥራ ይመራ የነበረው ጊፎርድ ፒንሾ ደን የዩኒቨርሲቲ ሙያ እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ የሼንክ ትምህርት ቤት በዚያ ዓይን የደን ዘበኛ ማሠልጠኛ ሆኖ ታየ። ያም ሆኖ የዩኒቨርሲቲ ስሙ ኮርኔልን ከሞት አላዳነውም፤ ለማሳያ የመነጠረው ደን በአካባቢው የበጋ ቤት ያላቸውን ሀብታሞች አስቆጣና የግዛቱ ገዢ በጀቱን ስለቆረጠበት በ1903 ተዘጋ። የሼንክም የቫንደርቢልትን ርስት ከለቀቀ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ1913 አበቃ። ከጫካ ትምህርት ቤቶቹ መካከል ረጅም ዕድሜ ያገኘው ሌላ ነው። በ1912 በኒው ዮርክ አዲሮንዳክ ተራሮች ውስጥ፣ ዋናኪና በምትባል መንደር፣ ሪች የተባለው የእንጨት ኩባንያ እንጨቱን ጨርሶ ሲወጣ 1,800 ኤከር የተጨፈጨፈ መሬት ለትምህርት ቤት ሰጠ። የሬንጀር ትምህርት ቤት የሚባለው ያ ተቋም እስከ ዛሬ አለ። ተማሪው አንደኛውን ዓመት በየትኛውም ኮሌጅ፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ጭምር፣ አጠቃላይ ትምህርቱን ይወስዳል፤ ሁለተኛውን ዓመት ዋናኪና ገብቶ ደኑ ውስጥ እየኖረ ይማራል። ትምህርት ቤቱ ከገንዘብ ይልቅ በመሬት ላይ መቆሙ ለዕድሜው ሳይጠቅም አልቀረም። በጀት በገዢ ፊርማ ይቆረጣል፤ ተጨፍጭፎ እንደገና የበቀለ ደን ግን በየዓመቱ አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ነው።

የዛሬው ዋና ተቃውሞ ከቴክኖሎጂ በኩል ይመጣል። ሌዘር የተጫነበት አውሮፕላን በአንድ ቀን የአንድን ተራራ ደን ቁመት ሲለካ፣ ድሮን የሞተውን ዛፍ ከቆመው ሲለይ፣ ክሊኖሜትር ይዞ የሚሄድ ሰው ለምን ያስፈልጋል ይባላል። ተቃውሞው በከፊል ልክ ነው፤ የልኬት ሥራ እየተለወጠ ነው፣ ጂአይኤስና የሌዘር መረጃ የማያስተምር ፕሮግራም ተማሪውን እያታለለ ነው። ነገር ግን ከላይ የሚታየው የዛፉ ራስ ነው። የግንዱን ውፍረት፣ ውስጡ መበስበሱን፣ በጥላው ሥር ምን ዓይነት ችግኝ እየበቀለ እንደሆነ ሌዘሩ አይነግርም። ከቁመት ወደ እንጨት መጠን የሚያሻግረው ስሌት ደግሞ የሚሠራው በመሬት ላይ በተለኩ የናሙና ቦታዎች ነው፤ እነሱ ከተሳሳቱ አውሮፕላኑ ስህተቱን በሺህ ሄክታር ያባዛዋል። ስለዚህ መሣሪያው በረቀቀ ቁጥር የሚፈለገው የመሬት ልኬት ቁጥሩ ቢያንስም ጥራቱ መጨመር አለበት። ይህ ለሁለት ዓመቱ ትምህርት መጥፎ ዜና አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ የሥራውና የደረጃው ጉዳይ። የፌዴራል መንግሥት የደን ሠራተኞችን በሁለት መደብ ይከፍላል፤ 0460 ባለሙያው፣ 0462 ቴክኒሻኑ። በሁለት ዓመት ትምህርት የሚገባው ሁለተኛው ውስጥ ነው፣ የሚጀመረውም ከዝቅተኛው ደረጃ አካባቢ ነው። ወደ መጀመሪያው ለመሻገር ዲግሪ፣ ወይም ቢያንስ 24 ሴሚስተር ሰዓት የደን ትምህርት ያለበት የኮርስና የልምድ ጥምር ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ በሩ አለ፤ በተግባር ግን ኮርሶቹ ሳይሟሉለት ሥራ የጀመረ ሰው ከጫካ ሆኖ ሊያሟላቸው ይቸገራል። ብዙ ጊዜያዊ ሠራተኞች በዓመት ከ1,039 ሰዓት እንዳያልፉ ተደርገው ይቀጠራሉ፤ ወቅቱ ሲያልቅ ይሰናበታሉ። እሳት የሚያጠፉት ሠራተኞች ራሳቸው ለአሥርተ ዓመታት በመዝገብ የደን ቴክኒሻን ተብለው ነው የቆዩት፤ የራሳቸው መደብ የተፈጠረላቸው ከ2021ዱ የመሠረተ ልማት ሕግ በኋላ ነው። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በሙከራ ጊዜ ላይ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ፤ በኋላ እንዲመለሱ ቢታዘዝም ሥራው የማይነቃነቅ ነው ብሎ የመከረ ሰው ምክሩን መከለስ ነበረበት። ለልጁ አስተማማኝ ሙያ የሚፈልግ ወላጅ ይህን ሰምቶ ወደ ነርሲንግ ቢመለስ አልፈርድበትም።

ሆኖም ይህ ክስ የሚመታው አንዱን ቀጣሪ እንጂ ትምህርቱን አይደለም። የአሜሪካ ደን ከግማሽ በላዩ የግል ነው። ግዛቶች የራሳቸው የደን መሥሪያ ቤት አላቸው፤ የእንጨት ኩባንያዎች፣ የመሬት ባለቤቶችን የሚያማክሩ ድርጅቶች፣ ከተሞችና የመብራት ኃይል ኩባንያዎች ሰው ይፈልጋሉ። የመጨረሻዎቹ ፍላጎት የመጣው በእሳት ነው፤ በ2021 በካሊፎርኒያ ወደ አንድ ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ ያቃጠለው የዲክሲ እሳት የተነሳው ዛፍ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተነካክቶ ነው። መስመሩን ተከትሎ የትኛው ዛፍ ሊወድቅ እንደሚችል ለይቶ ምልክት የሚያደርግ ሰው ዛፍ ማወቅ አለበት፤ ይህ ደግሞ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው። ካሊፎርኒያ የደን ባለሙያን በፈቃድ የምታሠራ ግዛት ናት። ከ1972 ጀምሮ ባለው ሕግ ፈቃዱ የሰባት ዓመት ልምድና ፈተና ይጠይቃል፤ ትምህርት የልምዱን ከፊል ይተካል፣ ሙሉውን ግን አይተካም። ይህ አሠራር ሊመሰገን ይገባዋል፤ ጫካ ውስጥ የዋለውን ቀን እንደ ትምህርት ይቆጥራልና። በዋሽንግተን ግዛት ግሪን ሪቨር ኮሌጅ ከሁለት ዓመቱ በላይ በደን ሀብት አስተዳደር የተግባር ባችለር ዲግሪ ይሰጣል፤ ተማሪው ኮሌጁን ሳይለቅ ይቀጥላል። በሩ የሚከፈተው እንዲህ ነው። አራት ዓመት የሚጠይቀው ሥራ አራት ዓመት ይጠይቃል፤ የሃምሳ ዓመት የደን አስተዳደር ዕቅድ መጻፍ፣ የኢኮኖሚና የሥነ ምህዳር ክርክር መመዘን ለቴክኒሻኑ አይሰጥም፣ አይሰጠው ብሎ መከራከርም ይቻላል። የሁለት ዓመቱ ተመራቂ ግን ሲደርስ እዚያ የሚገባበት ደረጃ ሊኖረው ይገባል፣ ትናንት የተማረው ክሬዲትም ሊቆጠርለት ይገባል።

ኢትዮጵያውያን በሚበዙባቸው አካባቢዎች ትምህርቱ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። ከሜሪላንድ ሳይወጡ ከምበርላንድ ላይ የአሌጌኒ ኮሌጅ አለ፤ በቨርጂኒያ ተራሮች መካከል እስከ 2022 ዳብኒ ላንካስተር ይባል የነበረው የዛሬው ማውንቴን ጌትዌይ አለ፤ ከሲያትል ወደ ደቡብ ትንሽ ወጣ ብሎ ግሪን ሪቨር አለ። በዲቪ የገባ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት ለሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከት ይችላል። ማመዛዘን የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። የፌዴራል ቋሚ ሥራ በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል፣ ዜግነት ደግሞ በተለመደው መንገድ ግሪን ካርድ ከተገኘ አምስት ዓመት በኋላ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ አዲስ የመጣ ሰው ዐይኑን ወደ ግዛት መሥሪያ ቤቶችና ወደ ግል ኩባንያዎች መጣል ይኖርበታል። ሥራው ያለው ገጠር ነው፤ መኪና የግድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም እንጀራ ቤቱም ሩቅ ነው። ሙያው ለረጅም ጊዜ የነጭ ወንዶች ሆኖ መቆየቱም የተሰወረ አይደለም። እነዚህ እውነተኛ ዋጋዎች ናቸው። ከዚህ ውጪ የሚሰማው ምክንያት ግን፣ ከገጠር አምልጠን መጥተን ተመልሰን ጫካ እንግባ ወይ የሚለው፣ አያሳምነኝም። አርሶ የሚያድር አባት ስለ ዛፍ ያወቀውን ሁሉ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ መጣል ሌሎች በኮሌጅ ከፍለው የሚማሩትን እውቀት በነጻ መጣል ነው።

ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገር ይበልጥ ይከብዳል፤ እዚያ የጎደለው ይኸው መካከለኛ ሰው ነው። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ በ1978 በስዊድን መንግሥት እርዳታ ሲቋቋም ሥራው የሁለት ዓመት ዲፕሎማ መስጠት ነበር። ቦታው በደንብ የተመረጠ ነው፤ ከሻሸመኔ ብዙም ሳይርቅ፣ ተራራው ላይ የተፈጥሮ ደን፣ ሥሩ ደግሞ የተተከለ ደን፣ ኮሌጁ ራሱ የሚያስተዳድረው። ከዚያ ዲግሪ መጣ፣ ማስተርስ መጣ፣ ኮሌጁ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ማደጉ መልካም ነው፤ አገሪቱ ተመራማሪዎች ያስፈልጓት ነበር፣ አግኝታቸዋለች። ነገር ግን ኮሌጁ ወደ ላይ ሲወጣ የለቀቀውን ቦታ ማን እንደሚሞላው በቅጡ የታሰበበት አይመስልም። ከ2000 ወዲህ በመካከለኛ ደረጃ የተሠራው ትልቅ ሥራ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ነው፤ አላጌን፣ አርዳይታንና አጋርፋን ጨምሮ 25 ኮሌጆች ወደ 60,000 የሚጠጉ የልማት ሠራተኞች አፍርተዋል። በየቀበሌው ሦስት ሦስት ይመደባሉ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። በቁጥር አስደናቂ ነው። የተፈጥሮ ሀብቱ ሠራተኛ ግን እርከን ያሠራል፣ ከንክኪ ነጻ የሆነ መሬት ያስከልላል፣ ችግኝ ያከፋፍላል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ማዳበሪያ ሲመጣም እሱ ነው የሚጠራው። ደን መለካት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ጊዜ ከተረፈ የሚደርስ ሥራ ነው። ጊዜ ደግሞ አይተርፍም።

በ2019 የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ተጀምሮ በሐምሌ ወር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ የአገሩ ክርክር በአንድ ጥያቄ ላይ ተተክሏል፤ ስንቱ ጸደቀ? ጥያቄው የፖለቲካ ይመስላል፤ ደጋፊው ከፍ ያለ ቁጥር ይጠራል፣ ነቃፊው ዝቅ ያለ። በመሠረቱ ግን የቴክኒሻን ጥያቄ ነው። ጽድቀት የሚታወቀው ቋሚ የናሙና ቦታ ተከልሎ፣ ችግኙ ሲተከል ተቆጥሮ፣ ከአንድ ዓመትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ እንደገና ሲቆጥረው ነው። የተከለው ራሱ ከቆጠረው ቁጥሩ ሪፖርት እንጂ ልኬት አይሆንም። ይህ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው በወላይታ የሁምቦ ፕሮጀክት ነው። በዎርልድ ቪዥን አስተባባሪነት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከንክኪ ተጠብቆ፣ ከጉቶና ከሥር እንዲያገግም ተደርጎ፣ በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቧል። ደኑን ለሚጠብቁት የአካባቢው ማኅበራት ገንዘብ የመጣው በተስፋ ሳይሆን በልኬት ነው፤ የናሙና ቦታው ሳይለካና ሳይረጋገጥ ክፍያ የለም። በጭልሞና በቦንጋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ማኅበሩ ከደኑ ምን ያህል እንጨት ሊወስድ እንደሚችል የሚወሰነው ደኑ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያድግ ሲታወቅ ነው፤ ካልታወቀ ስምምነቱ በግምት ላይ የተፈረመ ወረቀት ይሆናል። በ2018 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብንና የግለሰብን የደን ባለቤትነት ሲያውቅ የሚለካ ሰው ፍላጎትን አብሮ ጨምሯል።

እዚህ ላይ የሚሰማው ተቃውሞ ይታወቃል፤ በአገሪቱ ሥራ ያጣ ባለ ዲግሪ ሞልቶ ሳለ ስለ ዲፕሎማ ማውራት ምን ይባላል? በአንድ በኩል ልክ ነው። ባለ ዲግሪው ቴፕ ይዞ ቢወጣ የሚከለክለው የለም፤ ሰውየው ምን ወረቀት እንደያዘ ለዛፉ ግድ አይሰጠውም። ችግሩ ያለው የሥራ መደቡ ላይ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሥራው ከእቅድና ከሪፖርት የተሠራ መደብ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ዲግሪም ይኑረው ዲፕሎማ፣ ጫካ የሚወጣው ዘመቻ ሲኖር ነው። ስለዚህ መቅደም ያለበት ዋና ተግባሩ ልኬት የሆነ፣ በዓመት ይህን ያህል የናሙና ቦታ ለክቶ የሚያስረክብ፣ በዚያም የሚመዘን መደብ ነው። እሱ ሲኖር ትምህርቱ ቅርጹን ያገኛል። በደረጃ የተከፋፈለው የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ከብቃት ምዘናው ጋር ለዚህ የሚሆን አጥንት አለው፤ የሚጎድለው ከላይኛው ደረጃ ወደ ዲግሪ የሚያሻግረው መንገድ ሰፊ መሆኑና ምዘናው በእውነተኛ ደን ውስጥ፣ ከተዳፋቱ ላይ፣ መደረጉ ነው።

ቀጣሪው መንግሥት ብቻ መሆንም የለበትም። የኢትዮጵያ ትልቁ የእንጨት ምርት ያለው በገበሬው ጓሮና ማሳ ላይ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ፣ በአዊ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ደግሞ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት። ገበሬው የቆመውን ዛፍ ለነጋዴ የሚሸጠው በዐይን ግምት ነው። ግምቱ የማን እንደሚሻል መናገር አያስቸግርም፤ ነጋዴው በዓመት ብዙ ማሳ ያያል፣ ገበሬው የሚሸጠው በስንት ዓመት አንዴ ነው። በአሜሪካ የግል ደን ባለቤት ከመሸጡ በፊት የራሱን ለካይ እንዲቀጥር የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሁለት ዓመቱ ተመራቂም አንዱ የሥራ ዕድሉ እዚያ ነው። ዲከረንሱን በቅርብ ዓመታት የመታው የቅጠል ዋግ በሽታም ሌላውን ክፍተት አሳይቷል። ብዙ ገበሬዎች አንድ ዓይነት ዛፍ በተከሉበት ወረዳ የመጀመሪያውን የታመመ ቅጠል ዐይቶ ለምርምር ተቋሙ የሚያሳውቅ፣ ሥራዬ ነው ብሎ በየማሳው የሚዞር ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ የውፍረት ቴፕ፣ ክሊኖሜትርና ለአካባቢው ዛፍ የተዘጋጀ የእንጨት መጠን ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን ኮሌጆቹ ራሳቸው ሊያዘጋጁት ይችላሉ፤ ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ እዚያው የናሙና ቦታ ላይ ተመልሰው ከለኩ፣ አምስት ስድስት የምረቃ ዙር ሲያልፍ በእጃቸው ያለው መዝገብ ለገበሬውም ለነጋዴውም እኩል የሚያገለግል ይሆናል። ማኅበራት፣ ዩኒየኖችና የእንጨት ፋብሪካዎች ለልኬቱ መክፈል ከጀመሩ ደግሞ የትኛው ኮሌጅ በደንብ እንደሚያስተምር ገበያው ራሱ ይለየዋል።